እንደ አዲስ የታጠበ አፈር

ካምፓላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አለምዘውድ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ አሰላ ድረስ ይድረስዎ። እኔ በአምላክ ቸርነት፣ በእርስዎ ጸሎትና በማቶኬ ብርታት ደህና ነኝ። ማቶኬ ማለት ሳይበስል ተልጦ የሚቀቀል ሙዝ ነው። እዚህ አገር ጠዋት ይበላል፣ ማታ ይበላል፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በብዛት ይበላል። መጀመሪያ ሰሞን ፊቴን አዙሬበት ነበር፤ አሁን ካልቀረበልኝ ራሴ የምጠይቅ ሆኛለሁ።

አደራዎ በሰላም ደርሳለች። ትህትናን ከባሏ ከፀጋዘአብ ጋር ሆነን ኤንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልናት። ቤታቸው ሙየንጋ የሚባል ኮረብታ ላይ ነው፤ በረንዳው ላይ ሲቆሙ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። የፀጋዘአብ መሥሪያ ቤት እዚሁ ከተማ ኮሎሎ ሰፈር ቢሆንም እሱ የእርዳታ እህል እያስጫነ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከካምዎክያ፣ ከእኔ ሰፈር ማለት ነው፣ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ተሳፍሬ ሄጄ ልጅዎን የማያት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ለእረፍት መጥቼ ስሰናበትዎ፣ «አባትህና እኔ የወንድማማች ልጆች ነን፤ ትህትና እህትህ ናት» ብለውኛል። አልረሳሁም።

ሌላም ዜና አለ፤ እሱን ግን ራሷ ትጽፍልዎታለች። ካልጻፈች እኔ አልነገርኩም። ጠዋት ጠዋት እንደሚያጥወለውላት ብቻ ልጠቁምዎ።

ሰው «ተክሌ ካምፓላ ምን ይሠራል?» ሲልዎ ምን ብለው እንደሚመልሱ ደግሞ ልንገርዎ። አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ አለ። እርሳስ ስል የሚጻፍበትን አይደለም፤ ከባዱን ግራጫ ብረት ነው። የፋብሪካው እጣቢ በቦይ ወርዶ ረግረጉ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሐይቁ ውስጥ፤ ከተማው የሚጠጣው ደግሞ ሐይቁን ነው። እርሳስ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ አይታይም፣ አይሸትም። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ በሕፃናት ደግሞ ይብሳል።

እኔ ይህን ውኃ የማጠራው በአፈር ነው። ነጭ ሸክላ አፈር ከኮረብታ ሥር እናስቆፍራለን። አፈሩ እንዲሁ እንዳለ ሰነፍ ነው። በጨው ውኃ ዘፍዝፈን፣ አድርቀን፣ ለዘብ ባለ እሳት ስንጠብሰው ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ እጣቢው በላዩ ሲያልፍ የያዘውን ጨው ይለቅና በምትኩ እርሳሱን ጨብጦ ያስቀራል። ሲጠግብም አንጥለውም። በብርቱ ጨው ውኃ አጥበን የያዘውን እናስተፋዋለን፤ እንደ አዲስ ይሆናል። ይህች «እንደ አዲስ» የምትለዋ የእኔ ሐሳብ ናት፤ ፈረንጆቹ ገንዘብ የሰጡትም ለእሷ ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ኃይለልዑል ነው። አየር መንገድ ስለሚሠራ ይመላለሳል። እርስዎም በእሱ በኩል ይላኩልኝ።

ልጅዎ ተክሌ


አሰላ፣ ኅዳር 6 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለልጄ ለተክሌ፣

የሰማይና የምድር ጌታ በምትሄድበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም። እኛ ደህና ነን። ገብሱ እየታጨደ ነው፣ ብርዱ ገብቷል፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሎኛል፤ ከዚህ በቀር የሚወራ የለም።

ጽሕፈትህ ዛሬም ዶሮ የጫረው ይመስላል። አራተኛ ክፍል ሳስተምርህም እንዲሁ ነበርክ። በዚህ ግን ደስ ብሎኛል። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ፊደልህ የሚያምረው የቤት ሥራህን ያልሠራህ ቀን ነበር። መልስ በሌለበት ቦታ ውበት ትሞላበት ነበር፤ እኔም ደብተሩን ገልጬ ሲያምርብኝ ሳላነብ አውቅብህ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ተዝረክርከህ ስትጽፍልኝ እውነትህን ነው ብዬ አምንሃለሁ።

ዜናውን ትህትና ጽፋልኛለች። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው። ልጅቷ እንደምታውቀው ብቸኛዬ ናት፤ ከእሷ በፊት የወለድኳቸው አላደጉልኝም። ስለዚህ የምጠይቅህ ሁሉ ቢበዛብህ ታገሠኝ።

አፈር አማረኝ ብላ ጽፋለች። በእኔ ወጥታ ነው። እሷን ሳረግዝ የጓሮውን ግድግዳ ምርጊት እየፈረፈርኩ ስጨርሰው አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «እባክሽ ቤቱ ሳይፈርስ ውለጂ» ይለኝ ነበር። የነፍሰ ጡር አምሮት አይከለከልም፤ የተከለከለ እንደሆነ በልጁ ገላ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል። አንተ ሳይንስህን ይዘህ ትስቅ ይሆናል፤ ሳቅ፣ ግን ፈልግላት። ከመንገድ ዳር እንዳታነሳ፣ መኪና ያልደረሰበት፣ ከብት ያልረገጠው ንጹሕ አፈር ይሁን። የአፈር ሰው በቤተሰባችን ውስጥ እያለ ልጄ በአፈር አምሮት ልትሰቃይ አይገባም።

ፎቶግራፏንም ላክልኝ። ሆዷ ሳይገፋም ሆነ ሲገፋ።

እናትህ አለምዘውድ


ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አለምዘውድ፣

የገናው ጾም በበረከት ያስፈጽምዎ። ፎቶግራፉ ከዚህ ጋር አለ። ከጎኗ ቆሞ ሆዱን የነፋው ፀጋዘአብ ነው፤ እኔም አርግዣለሁ ለማለት ነው መሰለኝ።

ትእዛዝዎን ለመፈጸም መጀመሪያ ገበያ ወረድኩ። የዚህ አገር እርጉዞችም አፈር ይበላሉ። ሴቶቹ አፈሩን ከሥራሥር ጋር ለውሰው፣ እንደ አጭር ዱላ አድቦልቡለው፣ በፀሐይ አድርቀው ይሸጡታል፤ ስሙ እሙምብዋ ነው። ገዝቼ ወሰድኩላት። አንድ ጊዜ ነክሳ ፊቷ ተኮማተረና «ተክሌ፣ እኔ አፈር አልኩ እንጂ ኮሶ አልኩ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሙያዬን አወጣሁ። ከሥራ ቦታዬ አዲስ የተቆፈረ አፈር አመጣሁ። አይስጉ፤ በግቢያችን ሁለት ክምር አለ፣ አዲሱና ያገለገለው፣ እኔ የወሰድኩት እጣቢ በአጠገቡ ያላለፈውን አዲሱን ነው። ጨውም አልነካውም። በጥሩ ወንፊት ነፍቼ፣ በንጹሕ ውኃ አቡክቼ፣ እንደ ብስኩት ቆራርጬ ጠበስኩት። ስታኝከው አይንዋን ጨፈነች። ቀጥላም «የእማዬን ግድግዳ ይመስላል» አለች። እንግዲህ እዚህ ድረስ የግድግዳዎ ስም ወጥቷል።

በየቅዳሜው በቆርቆሮ ሞልቼ እወስድላታለሁ። ሰው ለነፍሰ ጡር ብርቱካን ይዞ ይሄዳል፣ እኔ አፈር ይዤ።

ልጅዎ ተክሌ


አሰላ፣ ጥር 15 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለልጄ ለተክሌ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰህ። የተባረክ ሁን። ልጄን ያስደሰተ እጅህ አይንጠፍ፣ በአፈርም ቢሆን። ፎቶግራፉን አልጋዬ አጠገብ ሰክቼዋለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያየዋል። ነጻነት፣ ያቺ የቀበሌ ሐኪም ቤት የምትሠራው ጎረቤቴ፣ «ከሁሉም የወፈረው ባልየው ነው» ብላ አሳቀችን።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅህ ነው። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው። ፀጋዘአብ እዚያ ጥሩ ሆስፒታል አለ ብሎ ይከራከራል አሉ። ባልየው በሰሜን፣ አንተ በፋብሪካህ፣ እሷ በኮረብታ ላይ ብቻዋን ምጥ ቢይዛት ማን ይደርስላታል? አሳምንልኝ። ሰኔ መግቢያ ላይ ነው የምትወልደው፤ ፋሲካን ከእኔ ጋር እንድትውል አድርገህ ከኃይለልዑል ጋር አሳፍርልኝ። ገንፎዋን እኔ ነኝ የማገነፋው። ከዚህ ሌላ ከአንተ የምፈልገው የለም።

እናትህ አለምዘውድ


ካምፓላ፣ መጋቢት 28 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አለምዘውድ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ራሷ ትህትና ናት። ፀጋዘአብን አሳምኜዋለሁ፤ በክርክር ሳይሆን በልመና። ነገ ትሳፈራለች፤ ኃይለልዑል እስከ አዲስ አበባ ከአጠገቧ አይለይም።

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ገንዘብ የሰጡን ፈረንጆች በሚያዝያ መጨረሻ ሊጎበኙን ይመጣሉ፤ ግድግዳው እየተቀባ፣ እኔም ንግግር እያጠናሁ ነው። በዚህ መካከል ዝናቡ ቀደመና የአፈር ጉድጓዳችን መንገድ በጎርፍ ተቆረጠ። ከየካቲት ጀምሮ አዲስ አፈር አልገባልንም። እኔ ግን አልተጨነቅሁም። ያገለገለውን አሳጥቤ ከአዲሱ ጋር አንድ ላይ እንዲከመር አዘዝኩ። ሙካሳ፣ የግቢው ኃላፊ፣ «ሰር፣ ይቀላቀል?» አለኝ። «ልዩነት የለውማ፣ ይቀላቀል» አልኩት። እንደ አዲስ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ፣ ራሴ ካላመንኩበት ማን ያምንልኛል?

ትህትና በዚህ ሰሞን ትንሽ ድካም ተሰምቷታል። ሙቀቱ ነው መሰለኝ። ሆዷንም ቁርጠት ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል። አምሮቷ ግን ጨምሯል። «አሁን የምታመጣው ጣፈጠኝ» አለችኝ፤ ምላሷ ሠለጠነ ብዬ ቀለድኩባት። እኔ ጊዜ ስላጣሁ የምጠብሰውን ሙካሳ ነው ከአዲሱ ክምር ሞልቶ የሚያመጣልኝ። ለመንገዷም እስክትወልድ የሚበቃት አንድ ከረጢት አዘጋጅቼላታለሁ። ኃይለልዑል ሲያነሳው «ምንድነው ይሄ ሁሉ ድንጋይ?» ብሎ ነበር።

አደራዎን በሰላም መልሻለሁ። ከእንግዲህ ሲስሟት አፏ አፈር አፈር ቢልዎ ከእኔ ነው።

ልጅዎ ተክሌ


ቴሌግራም
ከካምፓላ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1985 ዓ.ም.

አፈሩን ጣሉ። ትህትና ከዛሬ ጀምሮ እንዳትበላ። ደብዳቤ ይከተላል። ተክሌ


ካምፓላ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለተወደዱ እትዬ አለምዘውድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። በዓለ ትንሣኤውን በደስታ እንዳሳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በመልካም ጤንነት ላይ እገኛለሁ።

በቴሌግራሙ እንዳልደነገጡ ተስፋ አለኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ከረጢቱን ያስቀመጥንበት ክፍል እርጥበት ስለነበረው አፈሩ ሳይሻግት አይቀርም ብዬ ነው። ለነፍሰ ጡር የሻገተ ነገር ጥሩ አይደለም። እንደጣሉት እርግጠኛ ነኝ።

ሥራችን በመልካም ሁኔታ እየተካሄደ ነው። ከማጣሪያው የሚወጣው ውኃ ላይ በቅርቡ ጥቂት እርሳስ ታይቶ ነበር። ምክንያቱን ስንፈልግ በአዲሱ ክምር ላይ ትንሽ መደባለቅ መፈጠሩን ደርሰንበታል። ትንሽ ነገር ነው፣ እየታረመ ነው። ለትህትና የሰጠሁት ከዚያ በፊት የተወሰደ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ይህን የምጽፈው እንዲሁ የሥራ ወሬ እንዲሆንዎ ነው።

ትህትና ወተት አዘውትራ ብትጠጣ ጥሩ ይመስለኛል። ጠዋትና ማታ ወተት ትጠጣ። ጤንነቷን ቶሎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ተክሌ


አሰላ፣ ግንቦት 2 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለልጄ ለተክሌ፣

ልደታ ማርያም በጥላዋ ትሰውርህ። ቴሌግራምህ ደርሶኛል። ደብዳቤህም ደርሶኛል።

ትህትና በፋሲካ ሳምንት ደህና ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን አላማረችኝም። ፊቷ አመድ መስሏል። ሆዷን ሲቆርጣት እግሯን ሰብስባ ትተኛለች፤ ምጥ ነው ስንል ይተዋታል። ሽንት ቤት ብትሄድም አይወጣላትም። አፌን ብረት ብረት አለኝ ትላለች። ትናንት የውኃ ጣሳ አንስታ ከእጇ ወደቀባት፤ ጎንበስ ብላ ልታነሳው ብትል እጇ ከአንጓው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀረ። ጣሳውን እኔ አነሳሁት።

ነጻነት ደም አንሷታል ብላ ኪኒን አምጥታላታለች። ትውጣለች፣ ለውጥ የለውም። ወተቱንም ትጠጣለች። ነጻነት ወተት እንድትጠጣ ማን አዘዘ ብላ ጠየቀችኝ፤ የተማረ ዘመድ አለን አልኳት። ለምን እንዳዘዝክ ግን የምነግራት አላገኘሁም።

ተክሌ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ከሷ በፊት ያጣኋቸው ልጆች በየተራ ትዝ እያሉኝ እንቅልፍ ነሥተውኛል። የምታውቀው ነገር ካለ ጻፍልኝ።

እናትህ አለምዘውድ


ካምፓላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለተወደዱ እትዬ አለምዘውድ፣

ሰላምታዬ እጅግ የበዛ ነው። ስለ ትህትና ጤንነት የጻፉትን ሳነብ በጣም አዝኛለሁ። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ወራት ብዙ ነፍሰ ጡሮች ድካም እንደሚሰማቸው አንብቤአለሁ። ወደ ሆስፒታል ቢወስዷት መልካም ነው። ሐኪሞቹ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ወተቱን አታቋርጥ፤ እንቁላልም ይጨመርላት።

ጎብኚዎቹ መጥተው ሄዱ። ንግግሬን አደረግሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ሥራው ወደ ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲስፋፋ አስበዋል። ይህ በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት ባስደሰተኝ ነበር።

አለቃዬ እስካሁን ያየነው ውጤት በሌላ ላቦራቶሪ እስኪረጋገጥ ድረስ ስለ ምንም ነገር ለማንም እንዳልጽፍ መክሮኛል። ስለ ሌላው ጉዳይ ስንገናኝ እናወራለን። ፀጋዘአብ ከሰሜን አልተመለሰም፤ ሲመለስ ምን እንደምለው እያሰብኩ ነው።

ያ አፈር ተጥሏል፣ አይደል?

አክባሪዎ ተክሌ


አሰላ፣ ግንቦት 24 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለተክሌ፣

ዛሬ ሰላምታ የሚጽፍ እጅ የለኝም።

ትህትና ባለፈው ረቡዕ ከቀኗ ቀድማ ሆስፒታል ወለደች። ወንድ ነው። በጣም ትንሽ ነው፤ ሲያለቅስ ድምፁ ከመጋረጃው አያልፍም። ልታጠባው ስትል እጇ አልይዝላት ስለሚል ልጁን ከሥር የምደግፈው እኔ ነኝ። እንዲህ አድርገን በሁለት ሴት እጅ እናጠባዋለን።

አፈሩ ተጥሏል ወይ ብለሃል። ቴሌግራሙ የደረሰኝ ዕለት ጣልኩት። ለሻገተ አፈር ቴሌግራም የሚመታ ሰው አይቼ አላውቅም። ጓሮ አስቆፍሬ ቀበርኩት፣ ዶሮዎቹ እንዳይጭሩትም ድንጋይ ጫንኩበት። ከዚያ ምክንያቱን እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። ልጠይቅህ ብዕር አነሳሁና ተውኩት። ራሱ ይነግረኛል፣ የአጎቴ የልጅ ልጅ ነው፣ ያስተማርኩት ልጅ ነው አልኩ።

ሁለት ደብዳቤ ጻፍክልኝ። ጽሕፈትህ አምሯል፣ ተክሌ። መስመሩ አልተዛነፈ፣ ፊደሉ አልተቆረጠ። የመጀመሪያውን ገልጬ ሳየው ሳላነበው አወቅሁብህ።

እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የጥቅምቱን ደብዳቤህን አውጥቼ እርሳስ የሚለውን ለሐኪሙ አነበብኩለት። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጆሮ ሰጥቶ ሰማኝ። ስለ ሚያዝያውም ነገርኩት፤ ይስጡኝ አለ። አነበበና «ይኸው ለእሷ የሰጠው ከመደባለቁ በፊት ነው ይላል እኮ፣ ኬሚስቱ ራሱ ጽፎታል» አለኝ። ለማሳየት ያስቀረሁትን አንድ ቁራጭ ሰጠሁት፤ ሰባብሮ አሸተተውና አፈር ነው አለኝ። እዚህ የሚመረምርበት የለውም። ለእርሳስ የሚሰጠው መድኃኒት ራሱ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከአዲስ አበባም ተፈልጎ ነው የሚመጣው፤ በእናት ጥርጣሬ ለአራስ አልሰጥም አለኝ። ልፈርድበት አልቻልኩም። የአንተን ቃል ነው ያመነው፤ እኔም ስድስት ወር ሙሉ አምኜው ነበር።

አምሮቷን አትከልክላት ያልኩህ እኔ ነኝ። ይህን ሌሊትም ቀንም አልረሳውም። ስለዚህ ልወቅስህ አይደለም የምጽፈው። ፎቶግራፍ አልፈልግም፣ ወሬ አልፈልግም፣ ይቅርታም አልጠየቅሁህም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። እርሳስ ነው ወይስ አይደለም? አዎ ወይም አይደለም ብለህ ጻፍልኝ። ሐኪሙ እየጠበቀ ነው።

አለምዘውድ


ወደ አሰላ መንገድ ላይ፣ ግንቦት 29 ቀን 1985 ዓ.ም.

እትዬ፣

አዎ።

እርሳስ ነው። ከዚያ በፊት የተወሰደ ነው ያልኩት ውሸት ነው። ከየካቲት ጀምሮ የሰጠኋት ሁሉ፣ ለመንገዷ የሞላሁላት ከረጢትም፣ እኔ ራሴ ይቀላቀል ብዬ ካዘዝኩት ክምር ነው። አጥበነው የነበረው አፈር የያዘውን ሁሉ አልለቀቀም። እንደ አዲስ አልነበረም።

ቴሌግራሙን ከመምታቴ በፊት ክምሩን መርምሬአለሁ። ለትህትና እወስድበት ከነበረው ቆርቆሮ ሥር የቀረውን ትቢያ ጠርጌም መርምሬአለሁ። እርግጠኛ እስክሆን ጠበቅሁ ብል ሌላ ውሸት ይሆናል፤ ያን ቀን እርግጠኛ ነበርኩ። ፈርቼ ነው። ጎብኚዎቹን ፈራሁ፣ አለቃዬን ፈራሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስዎን ፈራሁ። በየቀኑ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ወተት ትጠጣ ብዬ ጻፍኩ። ወተት ያልኩት ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ስለሚሰጥ ነው። አያድንም።

ለሐኪሙ «ሌድ» ይበሉት፤ ያውቀዋል። በአፈሩ ውስጥ ምን ያህል እንዳገኘሁ በእንግሊዝኛ ጽፌ ከሥር አያይዤዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁም። መድኃኒቱን ካምፓላ ካለ ሐኪም ለምኜ አግኝቻለሁ፤ ከእኔ ጋር ነው። ሐኪምዎ ሳያዝ ትህትና እንዳትነካው። ሕፃኑም ይመርመር። ጡቷን ከእንግዲህ ለልጁ ትስጥ ወይስ ትተው፣ ዛሬውኑ ይጠይቁት። ይህን ለእርስዎ ከመጻፍ እጄ ቢቆረጥ በወደድኩ።

አምሮቷን አትከልክላት ያልኩህ እኔ ነኝ ብለዋል። እትዬ፣ እርስዎ የጠየቁኝ አፈር ነው። እኔ ግን የሰጠኋት አፈር አልነበረም።

ለፀጋዘአብ መልእክት ልኬለት በመንገድ ላይ ነው። ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ሥራዬን ጥዬ መጥቻለሁ።

ይህን የጻፍኩት ከአዲስ አበባ በመጣሁበት አውቶቡስ ላይ ነው። ፊትዎን ሳይ አፌ ተመልሶ እንዳይዋሽ ፈርቼ ነው። በር ለሚከፍትልኝ ሰው ሰጥቼ ውጭ እቆማለሁ። ግባ ካላሉኝ መድኃኒቱን ይዤ ሆስፒታሉ ደጃፍ ነኝ።

መንገዱ ያናውጻል። ጽሕፈቴ ስላላማረ ይቅር ይበሉኝ።

ተክሌ